እሸየው

መርፌን «መርፌ» ያሏት የሥራ ቦታ ሰዎች ናቸው፤ ቅጥነቷንና አፏን አይተው። ቤት ግን አያቷ «እሜቴ» ነበር የምትላት። «እሜቴ፣ እግርሽን ታጠቢ!» «እሜቴ፣ አፍሽን ሰብስቢ!» እግርሽን ታጠቢ እየተባለች የምትኖር እመቤት የት አገር እንዳለች እንጃ። ብቻ መርፌ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቷ በዚህ ስም ስትጠራ ኖራለች። አሁን የሚጠራት የለም። አያቷ ከሞተች ሦስት ወር አለፋት።

የምትሠራው ካናቴራና ኩባያ ላይ ጽሑፍ የሚታተምበት ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቁ ከመጥበቡ የተነሳ ሦስት ሰው ከገባበት፣ ማስነጠስ ያማረው ውጭ ወጥቶ ነው የሚያስነጥሰው። ባለቤቱ ጋሽ ቀለም ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ ጣታቸው ከሰማያዊ ቀለም ጸድቶ ስለማያውቅ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጽሑፉ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ተገልብጦ ይወጣል፣ በመስታወት እንደሚታየው። ወረቀቱ ካናቴራው ላይ ይደፋል፣ የጋለው ክዳን ይወርድበታል፣ ሃያ ሰከንድ ይቆጠራል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሳይቀዘቅዝ የላጠው ሰው ግማሹን ፊደል ከወረቀቱ ጋር ይዞት ይነሳል። መርፌ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከአምስተኛ ክፍል ነው፤ ግን ፊደልን በፊቱም በጀርባውም ታነባለች። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱትን ጠይቋቸው፣ አይችሉም።

አያቷ የሞተች ቀን ስልኳ ሲጠራ ማሽኑ አሥራ ሁለተኛው ሰከንድ ላይ ነበር። የደወለችው ጎረቤታቸው ናት። «አያትሽ...» አለች። መርፌ ገባት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ሃያ እስኪሞላ ቆጠረች፣ ክዳኑን አነሳች፣ ወረቀቱ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች፣ ላጠችው፣ ካናቴራውን አጣጠፈችው። «መልካም ልደት» ነበር የሚለው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አላለቀሰችም። ያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ እስካሁንም። እግር ሲደነዝዝ ቢቆነጥጡት የሌላ ሰው እግር ይመስል የለ? መርፌ መላዋ እንደዚያ ሆና ቀረች።

አብራት የምትኖረው አክስቷ ግን ባለማልቀስ አትታማም። ማንኪያ ስታነሳ ታለቅሳለች፣ ማንኪያ ስታስቀምጥ ታለቅሳለች። የራዲዮ ማስታወቂያ ሰምታ ያለቀሰችበት ቀን አለ፣ ያውም የሳሙና። ታለቅስና ዓይኗን ጠርጋ መርፌን ታያታለች።

«አንቺ ልጅ፣ እንባሽን ለማን ነው ያስቀመጥሽው?»

«አልመጣ አለኝ።»

«ይጠራል እንዴ? ራሱ ነው የሚመጣው! ልብሽ ድንጋይ ነው።»

መርፌ ሳህን ታነሳለች። ድንጋይ ቢሆን እንኳ በከበዳት ነበር። የእሷ ምንም አይከብድም።

እናላችሁ፣ በዚሁ ሰሞን ነው የድሮ ቃል የተነሳው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ጸጉሯን ሐምራዊ የተቀባች አንዲት ልጅ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ስትቀርጽ «ጤና ይስጥልኝ» ብላ ጀመረች ይላሉ። ብቻ አንድ ቀን ከተማው «ሃይ» ብሎ ተኝቶ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ተነሳ። «ኦኬ» ቀረና «እንዴታ» መጣ። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጎረምሶች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ይሳሳማሉ። አያቶቻቸው ሲናገሩት «ኧረ ተይን» ይሉ የነበረውን ነው እኮ!

ወደ ሱቁ ይዛው የገባችው መነጽሯ ናት። መነጽሯ ያሏት ጥቁር መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንጂ ዓይኗ ላይ አድርጋ ያየ ሰው ስለሌለ ነው። ስልኳ ላይ የሚከተላት ሰው ብዛቱ አይጣል።

«ጤና ይስጥልኝ! ለጓደኛዬ ስጦታ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ስላወጣች። ደረቷ ላይ ‹አበጀሁ› ተብሎ ይጻፍልኝ።»

መርፌ ከማሽኑ ላይ ቀና ሳትል «ራሷን ነው የምታመሰግነው?» አለች።

«ማለት?»

«‹አበጀሁ› ያለ ሰው ለራሱ ነው ያጨበጨበው። ለሰው ከሆነ ‹አበጀሽ› ነው። ያውም ‹ጀ›ን ረገጥ አድርገሽ፣ እንዲህ፣ አበጀሽ!»

መነጽሯ አፏ ተከፈተ። «እንደገና በይው እስቲ፣ ስልኬን ላውጣ!»

በሳምንቱ ከተማው ሁሉ «ጀ»ን መርገጥ ያዘ። ጋሽ ቀለም ሦስት ካርቶን ካናቴራ አስመጡ። አገጫቸውን በዚያ በሰማያዊ ጣታቸው እያሻሹ መጥተው መርፌ አጠገብ ቆሙ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከአያቴ።»

«ሌላስ አላት?»

«እሷ ራሷ የለችም።»

«ቃሉን ማለቴ ነው።»

«እሱማ ሞልቷል።»

እንዲህ ተጀመረ። መርፌ በሳምንት አንድ ቃል ታወጣለች፣ መነጽሯ ስልኳ ላይ ትለዋለች፣ ጋሽ ቀለም ያትሙታል። «ምን ቆርጦኝ» ወጣ። «ድንቄም» ወጣ። ሰው ወረፋ ተሰልፎ «ድንቄም» ደረቱ ላይ አስለጥፎ ሄደ፤ ደረቱ ላይ መሳለቂያ መለጠፉን የነገረው የለም።

መርፌ አንድ ነገር ያስተዋለችው ያኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ የአያቷን ቃል በሆዷ የማለት ልማድ ነበራት። ለምን እንደምትለው እንጃ። ብቻ «ምን ቆርጦኝ» ስትል ድምፁ የራሷ ሳይሆን የአያቷ ሆኖ ይሰማት ነበር፣ ያ ከጉሮሮ ሥር የሚነሳው፣ መጨረሻው ላይ ሳል የሚቀላቀልበት። ቃሉ ታትሞ ከወጣ በኋላ ግን በሆዷ ስትለው የምትሰማው መነጽሯን ነው። «ድንቄም» ስትልም መነጽሯ። «አበጀሽ» ስትልም ያቺው። አያቷ ከየቃሉ እየወጣች ሄደች። መርፌም አላዘነችም። አምፖል ሲቃጠል «ይሄም ተቃጠለ» ይባል የለ? እንደዚያ ነው ያለችው።

በአምስተኛው ሳምንት «እሜቴ»ን ሰጠች። ኩባያ ላይ ታተመ። በማግስቱ መነጽሯ ከበር ሆና «እሜቴ፣ ቶሎ በይልኝ፣ ታክሲ አቁሜያለሁ!» አለቻት። መርፌ «አቤት» አለች። አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

አንዲት ቃል ግን ቀረች።

«አፈር ስሆን።» አያቷ ያለዚህ ቃል ለምና አታውቅም። ሾርባው ሲቀዘቅዝ፣ «አፈር ስሆን፣ ጨርሺው።» ብርድ ሲሆን፣ «አፈር ስሆን፣ ሹራብ ደርቢ።» የመጨረሻው ቀን ጠዋትም አልጋዋ ላይ ሆና፣ መርፌ ዛሬስ ከሥራ ልቅር ስትላት፣ «አፈር ስሆን፣ ሥራሽን አትፍቺ፣ ሂጂ» አለቻት። መርፌ ሄደች። ስትመለስ አያቷ ቃሏን አክብራለች፤ በማግስቱ አፈር ሆነች።

ይህችን ቃል ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ስትላት አያቷ አሁንም ከነሳሏ ትመጣለች። ከሁሉም የቀረችው እዚያች ውስጥ ብቻ ነው። እሷም ከወጣች ሌላ የለም። መርፌ ይህን ታውቃለች። ታውቃለች እንጂ አያስፈራትም ነበር።

ጋሽ ቀለም አንድ ሰኞ እየሮጡ ገቡ። እሳቸው ሲሮጡ ያየ የለም፤ ሱቁም አይበቃም። አንድ የስልክ መሸጫ ሁለተኛ ሱቁን ሊከፍት ነው፣ ለሠራተኞቹም ለደንበኞቹም ሁለት መቶ ካናቴራ ይፈልጋል፣ ግን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቃል ይሁን ብሏል።

«አምጪ!» አሉ።

«ምን?»

«ቃል ነዋ! ዛሬ ካልሰጠናቸው ማዶ ያለው ሱቅ ይወስደዋል። ማዶ ያለው ደግሞ ‹ሰ›ን ከ‹ሸ› የማይለይ ነው፣ አገር ያሰድባል።»

መርፌ አፏን ከፈተች። «አፈር» ምላሷ ላይ ነበረች። ትሰጣት ነበር። ሌሎቹን እንደሰጠች፣ እንደ ካናቴራ አጣጥፋ። ውስጧን ዳበሰችው፤ እምቢ የሚል ነገር አጣች። ያ ነው ያስደነገጣት። ለዚህች እንኳ እምቢ ካላለ፣ ከዚያ ወዲያ ውስጧ ማን አለ?

«እሸየው» አለች።

«ምን?»

«እሸየው።»

«እሰየው ማለትሽ ነው?»

«እሰየው አይደለም፣ እሸየው። የድሮ ነው።»

ጋሽ ቀለም አላመጡት፣ አጣጣሙት፣ ወደዱት። መጻፍ ጀመሩ።

እውነቱን እኔ ልንገራችሁ። «እሸየው» የሚባል ቃል በድሮም በዘንድሮም የለም። የመርፌ አያት የፊት ሁለት ጥርሷ ከወለቀ በኋላ «ሰ» አልያዝላት አለ፣ በቀዳዳው እያመለጠ «ሸ» ሆነ። መርፌ ሥራ በጀመረች በሳምንቷ ካናቴራ ላይ «አያቴ» ብላ አትማ ይዛላት ሄደች። ወረቀቱ ላይ መገልበጡን ረስታ ስለነበር ደረቷ ላይ የወጣው የተገለበጠ ነው። አያቷ እንደሆነች ማንበብ አትችልም። ለበሰችው፣ መስታወት ፊት ቆመች፣ ድዷን ገልጣ ሳቀች። «እሸየው! እሸየው ልጄ!» መስታወቱ ውስጥ ደግሞ ጽሑፉ ተቃንቶ «አያቴ» ይላል። ካናቴራውን ዛሬ አክስቷ መስኮት ትወለውልበታለች። መርፌም አይታ አልፋለች።

ታዲያ «እሸየው» እሳት ሆነ። የስልክ መሸጫው ሠራተኞች በር ላይ ተደርድረው «እሸየው!» አሉ፣ መነጽሯ ቀረጸቻቸው፣ በሦስተኛው ቀን ሕፃን ሳይቀር አፉን ፈታበት። ኳስ ሲገባ እሸየው። ፈተና ሲታለፍ እሸየው። አሳንሰር ሲመጣ እሸየው። በስምንተኛው ቀን ሱቅ ውስጥ ያለው ራዲዮ ላይ አንድ አንቱ የተባሉ የቋንቋ መምህር ቀረቡ። ጋሽ ቀለም ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«‹እሸየው› እጅግ የቆየ ቃላችን ነው» አሉ መምህሩ። «ሥሩ ‹እሸት› ነው። የጥንት ሰዎች የምሥራች ሲሰሙ፣ ነገርህ እንደ እሸት ይለምልም ለማለት ይጠቀሙበት ነበር። ‹እሰየው› የምንለው ከዚሁ ተበላሽቶ የመጣ ነው።»

«አላልኩሽም!» አሉ ጋሽ ቀለም። ምንም አላሉም ነበር።

መርፌ እጅጌ ታጥፍ ነበር። ማጠፏን ቀጠለች። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ ወለል ላይ በተንከባለለች። አሁን አንድ ትንሽ ነገር፣ እንደ ጉንዳን፣ የሆነ ቦታ ላይ ሄደባትና ቆመ።

የዚያን ቀን ቤት ስትገባ አክስቷ ወጥ ቤት ጥግ ያሉት በርሜሎች ጋ ቆማለች። ቧንቧው ከአራት ቀን በኋላ አጉረምርሞ አጉረምርሞ ውሃ ለቀቀ።

«እሸየው!» አለች አክስቷ እጇን አጨብጭባ።

መርፌ በር ላይ ቀረች።

«አንቺም ጀመርሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ሰው ሁሉ የሚለውን! ደግሞ ተራ ቃል እንዳይመስልሽ፤ ከእሸት የመጣ ነው አሉ በራዲዮ።»

«ከእሸት አይደለም።»

«ውይ! አንቺ ደግሞ ከመምህሩ ልትበልጪ?»

«ከጥርስ ነው።»

«ከምን?»

«ከጥርስ። ከወለቀው።»

አክስቷ ጆጉን እንደያዘች ቆመች። ውሃው በርሜሉን ሞልቶ ወለሉ ላይ መፍሰስ ጀመረ። አፏን ከፈተች፣ በቀስታ «እሸ... የው» አለች፣ ምላሷን የፊት ጥርሷ መሃል ሰድዳ። አንዴ ደገመችው። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ።

«የእማዬ!» ብላ ጮኸች። «የእማዬ ድድ ነው! ኧረ በሕግ! ከተማው በሙሉ ድዱን ገልጦ ነው እንዴ የሚያወራው? መምህሩ ከነክራቫታቸው በእማዬ ጥርስ ሲናገሩ!» ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች፣ ውሃው ላይ። ሳቀች፣ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፣ ለቅሶው ተመልሶ ሳቅ ሆነ። መርፌ ቧንቧውን ዘጋች።

«ያቺ ካናቴራዋስ? ያቺ የተገለበጠችው? የት አደረግኋት?»

«መስኮት እየወለወልሽባት ነው።»

አክስቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቆይታ ተነሳች፣ ካናቴራዋን ከመስኮቱ ሥር አነሳች፣ አዲስ በሞላው ውሃ አጠበቻት፣ ሦስቴ አለቀለቀቻት፣ ሰጣቻት። እርጥብ ቀሚሷን እንኳ አልቀየረችም። ከዚያ ሾርባ ቀድታ መርፌ ፊት አስቀመጠች። መርፌ ማንኪያውን ያዘች። ሦስት ወር ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ይዛ ትቆያለች፣ ይቀዘቅዛል፣ ይደፋል።

አክስቷ ከለቅሶው የተነሳ ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር። ጎንበስ ብላ ሳህኑን ወደ መርፌ ገፋ አደረገችው።

«አፈር ስሆን፣ ሳይቀዘቅዝ።»

መጨረሻው ላይ አሳላት።

መርፌ ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«ምን አልኩ? ብይ ነዋ ያልኩሽ።»

«ድገሚው።»

«ብይ! ልጅቷ ዛሬ ምን ነካት?»

አክስቷ አላወቀችውም። ከአፏ ሲወጣ አልሰማችውም። መርፌ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ከተተች። ትኩስ ነበር፣ ምላሷን አቃጠላት። ሌላም ደገመች። ጨረሰችው።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ቀለም ገና ሱቁን ሲከፍቱ «‹እሸየው› አረጀ» አሉ። ሁለት ሳምንት ሞልቶት ነው። «አዲስ የድሮ ቃል ያስፈልገናል።»

«አልቋል ጋሼ።»

«እንዴት ያልቃል? አንድ እንኳ?»

«አንድ እንኳ።»

«አንቺ ልጅ፣ አትጨክኚ። ከሰዓት ይመጣሉ፣ ምን ልበላቸው? አፈር ስሆን፣ አንዲት ብቻ! አንዲት ቃል!»

የመርፌ እጅ ክዳኑ ላይ ደርቆ ቀረ። አየቻቸው። ሰማያዊ ጣታቸውን አጣምረው ይለምናሉ። እሳቸውም አልሰሙትም። ካርቶኑን ሊያነሱ ዞር አሉ። ከዚያ ቆሙ፣ ግንባራቸው ተኮማተረ።

«ቆይ፣ ምን አልኩ አሁን?»

«አንዲት ቃል አሉ።»

«ከዚያ በፊት።»

«አትጨክኚ አሉ።»

«አትጨክኚ...» አሉ፣ አላመጡት። «አይ፣ ይሄ አይሆንም። ደረት ላይ አያምርም።»

«አያምርም» አለች መርፌ።

ወረቀቱን ደፍታ ክዳኑን አወረደች። መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት። በሆዷ «አፈር ስሆን» አለች፣ የመጣው የጋሽ ቀለም ድምፅ እንዳይሆን እየሰጋች። የመጣችው አክስቷ ናት፣ ከአክስቷ ኋላ ደግሞ ሳል ተሰማ። ዘጠኝ፣ አሥር። የደነዘዘ እግር ሲነቃ እንደሚሆነው፣ ያ ጉንዳን መሄድ ጀመረ፤ አንድ አልነበረም፣ ብዙ ነበር። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።

አሥራ ሁለት ላይ፣ ያኔ ስልኳ የጠራበት ሰከንድ ላይ፣ ቁጥሩ ጠፋባት። ጠፍቶባት አያውቅም ነበር። እንደገና አሥራ ሁለት አለች፣ ከዚያም አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ ያለው ምን እንደሆነ ፈለገችው፣ አጣችው። የጨርቅ ጭስ ሸተተ።

«መርፌ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ቀለም። «ካናቴራው! ኧረ ተቃጠለ!»

መርፌ ክዳኑን አላነሳችም።

«እሸየው» አለች።